የሸመገለ ውሻ ዓይን

የውሻ ሌንስ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለም የለውም። የደም ሥር አይገባበትም፣ ነርቭም አይደርሰውም። ዙሪያውን በቀጫጭን ክሮች ተወጥሮ ልክ ከብሌኑ ጀርባ ተንጠልጥሏል። የሚመገበው ከከበበው ፈሳሽ ነው።

የተገነባው ረጃጅምና ስስ በሆኑ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ከፊት ተነሥቶ፣ በጠርዙ ዞሮ፣ ወደ ኋላ ይዘልቃል። የሕዋሳቱ ጫፎች አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰቡም፤ የሚጋጠሙት ባለ ሦስት ክንድ መስመር ላይ ነው። የፊተኛው መስመር እንደ ቆመ ባላ ነው፤ ሁለት ክንድ ወደ ላይ፣ አንድ እግር ወደ ታች። የኋለኛው ባላ ተገልብጧል። ይህ መገለባበጥ ለጌጥ አይደለም። ከፊት ከመሀል የጀመረ ሕዋስ ከኋላ መሀል ሳይደርስ ያበቃል። ከፊት ከመሀል ርቆ የጀመረው ደግሞ ከኋላ እስከ መሀል ይሄዳል። በዚህም የአንድ ንብርብር ሕዋሳት ርዝመታቸው ተቀራራቢ ይሆናል፣ ሌንሱም ቅርጹን ይጠብቃል። በጥሩ መሣሪያ ቢታይ የመገጣጠሚያው መስመር በአንዳንድ ውሻ ላይ ስስ ሆኖ ይለያል። ስፌቱ የሚታየው ግን ለሚያውቀው ሰው ነው።

ሥራው አያልቅም። ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ በሌንሱ ጠርዝ አዲስ ሕዋስ ይወለዳል፣ በቀድሞው ላይም ይደረባል። ቆዳ አሮጌውን ያራግፋል፣ ፀጉር ይረግፋል፤ ሌንስ ግን የሚጥለው የለውም። ዙሪያው በቀጭን ከረጢት የተዘጋ ስለሆነ አሮጌው መውጫ አያገኝም። ወደ መሀል ይገፋል፣ ይጨመቃል፣ ይጠጥራል። ውሻው 6 ወይም 7 ዓመት ሲሞላው የተጨመቀው መሀል ብርሃኑን በጥቂቱ መበተን ይጀምራል። ያኔ ብሌኑ ውስጥ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ጉም ይታያል። ሐኪሞች ኑክሌር ስክለሮሲስ ይሉታል። በሁለቱም ዓይን እኩል ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አያምም። ዕድሜው ከገፋ ውሻ ያመለጠው ጥቂት ነው።

የቤቱ ሰው ግን ይህን ሲያይ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ሞራ ጋረደው።»

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሌላ ነገር ነው። ግርዶሽ ብርሃኑ በቀጥታ እንዳያልፍ ያግዳል። የዕድሜው ጉም ግን ብርሃኑን በትኖም ቢሆን ያሳልፈዋል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። የሚለያቸው እንዴት እንደሚታዩ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ የእንስሳት ሐኪም ይህን ሲለይ አጠገቡ ቆሜ ስላየሁ ነው። ያየሁት ውድ መሣሪያ አልነበረም። ያየሁት ቅደም ተከተል ነው።

ውሻው ቡቺ ይባላል። 11 ዓመቱ ነው፣ የግቢ ጠባቂ፣ ጆሮው የቆመ፣ አፉ ዙሪያ የሸበተ። ያመጡት እናት ገና ከበሩ፦

«ዶክተር፣ ሞራ ነው አይደል?»

«እናየዋለን እማማ። መጀመሪያ ይፍቱትና ይሂድ።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ሐኪሙ ውሻውን አልነካውም፤ ዝም ብሎ አየው። ወለሉ ላይ ወንበር፣ ባልዲና የቆሻሻ ቅርጫት ነበር። የተቀመጡበት ቦታ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቡቺ በወንበሩና በባልዲው መካከል አለፈ፣ ቅርጫቱን አሸተተ፣ ተመለሰ። ከዚያ ሐኪሙ መጋረጃውን ስቦ መብራቱን አጠፋ፤ ባልዲውን ሌላ ቦታ አኖረው። ውሻው በድንግዝግዙም አለፈ። ይህ ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በዘር የሚወረሰው የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ንጣፍ) መመንመን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጨለማ የሚሠሩትን ሕዋሳት በመጉዳት ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ቀን ደኅና ነው፤ ማታ ከሰንሰለት ሲፈታ ግን ከበሩ አይርቅም፣ ወይም የሚያውቀውን ሰው ይጮህበታል። ላብራዶር፣ ፑድልና ኮከር ስፓኒየል ይህ በሽታ ከሚታወቅባቸው ዝርያዎች መካከል ናቸው።

ቀጥሎ ጥጥ መጣ። ሐኪሙ ከጥቅልሉ ቆንጥሮ በጣቶቹ መካከል ድቡልቡል አደረገው። ጥጥ የተመረጠበት ምክንያት አለው፤ ሲወድቅ አይሰማም፣ ለውሻ የሚስብ ሽታም የለውም። ቁልፍ ወይም ድንጋይ ብትጥሉ የምትፈትኑት ጆሮውን ነው፤ ዳቦ ብትጥሉ አፍንጫውን ነው። እጁን ከውሻው ራስ በላይ ወደ ጎን አድርጎ አቆመና ጣቶቹን ብቻ ከፈተ። ክንዱ አልተንቀሳቀሰም። ጥጡ ወረደ፤ የቡቺ ራስም አብሮት ወረደ። በሌላኛው ጎን ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ አልጣለም። ውሻ ቶሎ ይሰለቻል፤ የሰለቸ ውሻና ያላየ ውሻ ደግሞ አይለዩም።

የእጅ ፈተናውን ብዙ ሰው በቤቱ ይሞክረዋል፣ ብዙ ሰውም ያበላሸዋል። እጅን ወደ ዓይን በፍጥነት ማምጣትና ውሻው መጨፈኑን ማየት ነው። ችግሩ ንፋሱ ነው። የተዘረጋ መዳፍ አየር ይገፋል፤ አየሩ ኮርኒያን፣ ግልጹን የዓይን የፊት ሽፋን፣ ሲነካ ምንም የማያይ ውሻ እንኳ ይጨፍናል። ሐኪሙ አንዱን ዓይን በግራ መዳፉ ሸፈነ። የሌላውን ዓይን ጠርዝ በጣቱ ነካ አደረገና ውሻው እንዲጠባበቅ አደረገው። ከዚያ አንድ ጣት ብቻ ወደ ዓይኑ አመጣና ጥቂት ሲቀረው አቆመው። ቡቺ ጨፈነ። ይህ ከልምድ የሚመጣ እንጂ አብሮ የሚወለድ አይደለም፤ 3 ወር ያልሞላው ቡችላ ደኅና እያየም ላይጨፍን ይችላል።

በብሌን ላይ መብራት አብርቶ መጥበቡን ማየትስ? ይህም ይደረጋል፤ ማየቱን ግን አያረጋግጥም። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ በሞራ የተሸፈነ ውሻ ብሌኑ በደንብ ይጠባል፤ ብርሃኑ ተበትኖም ቢሆን ሬቲናው ይደርሳልና። በተቃራኒው የአሮጌ ውሻ አይሪስ፣ ብሌኑን የከበበው ባለ ቀለም ክብ፣ ጡንቻው ይሳሳል። ብሌኑ ሰነፍ ይሆናል፣ ዳርቻው የተበላ ይመስላል፣ ውሻው ግን ያያል። የሚቸገረው በጠራራ ፀሐይ ነው።

እስካሁን ዓይኑ ውስጥ ምንም አልገባም። አሁን ወረቀት ገባ።

ወረቀቱ የሺርመር ወረቀት ይባላል፤ ስሙ የጀርመናዊው የዓይን ሐኪም የኦቶ ሺርመር ነው፤ ዘዴውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1903 ነበር። ሐሳቡ እንደ ወረቀቱ ቀላል ነው። ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የሚመጥ ወረቀት ጫፉ ላይ ይታጠፋል። የታጠፈው ጫፍ በታችኛው ቆብ ውስጥ፣ ወደ ውጭኛው ጥግ ጠጋ ብሎ ይሰካል። 1 ደቂቃ ይጠበቃል። እንባው ወረቀቱን እያረጠበ የወረደበት ርቀት ይለካል። 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጤና ነው። ከ10 በታች ከሆነ ዓይኑ ደርቋል። በመካከል ያለው ያጠራጥራል፤ ሌላ ቀን ይደገማል።

ይህ ፈተና ከማንኛውም ጠብታ በፊት መሠራት አለበት። ጠብታ ከገባ ወረቀቱ የሚለካው ጠብታውን ነው። ማደንዘዣ ከገባ ዓይኑ አይቆረቆርም፣ እንባም አይጠራም። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያወጣ ጫፉን በጣቱ አልነካም፤ የጣት ወዝ ወረቀቱ ውኃ እንዳይመጥ ያደርጋልና። ከነፕላስቲኩ አጥፎ፣ ከዚያ ቀዶ፣ ባልተነካው ጫፍ ሰካው። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ሰዓት። እየጠበቀ ለቡቺ በለሆሳስ ያወራ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከሰዓቱ ላይ አልተነሣም።

ቀኝ 16። ግራ 9።

«እማማ፣ ከግራ ዓይኑ የሚወጣው ዓይናር ወፍራም ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ይጣበቅበታል። አቧራ ነው ብዬ በሻይ አጥብለታለሁ።»

ሐኪሙ ስለ ሻዩ ምንም አላለም። ጻፈ።

ስለ እንባ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የሚገባውን ክብር አያገኝምና። ኮርኒያ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በውሻ መሀሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ግልጽ ሆኖ እንዲቆይ የደም ሥር ስለማይገባበት ኦክስጅን የሚደርሰው በአብዛኛው በእንባ በኩል ነው። እንባውም ውኃ ብቻ አይደለም። ከላይ እንዳይተን የሚከለክል ቅባት አለው፣ መሀሉ ውኃ ነው፣ ከሥር ውኃውን ኮርኒያ ላይ የሚያጣብቅ ንፍጥ አለ። ውኃው ሲያንስ ንፍጡ ብቻውን ይቀራል፤ ያ የሚጣበቀው ወፍራም ዓይናር እሱ ነው። ብዙ ሰው ምርቀዛ መስሎት ቅባት ይገዛለታል። ቅባቱ ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፣ ዓይናሩም ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ኮርኒያው ይጠቁራል፣ የደም ሥርም ይገባበታል፤ ያኔ ውሻው በእውነት ማየት ያቆማል።

እንባውን የሚሠሩት ዕጢዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከዓይን በላይ ነው። ሌላው በውስጠኛው ጥግ ባለው በሦስተኛው ቆብ ሥር ተደብቋል። ይህ ቆብ በውስጡ ቆሞ የሚይዘው ለስላሳ አጥንት አለው፤ ሲያስፈልግ ኮርኒያውን ጠርጎ ይመለሳል። ዕጢው ከእንባው ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ ዕጢው ተገልብጦ እንደ ቀይ ፍሬ ይወጣል። ድሮ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ጥሩ ሐኪም ወደ ቦታው መልሶ ይሰፋዋል፤ የተቆረጠበት ውሻ ከዓመታት በኋላ ዓይኑ ሊደርቅ ይችላልና።

የውሻ የዓይን ድርቀት በአብዛኛው የሚመጣው የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት ዕጢውን ሲያጠቃው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ውኃ መጨመር ብቻ አይደለም፤ ጥቃቱን ማስቆም ነው። ሳይክሎስፖሪን ለዚህ እንደሚያገለግል ያሳየችው በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ዓይን ሐኪም ረኔ ካስዋን ናት። ያ ግኝት በኋላ ለሰውም ደርሷል፤ የሰው የዓይን ድርቀት በዚያው መድኃኒት ይታከማል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፣ ውጤቱም ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስተኛ ቀን ተስፋ የሚቆርጥ ባለቤት ገንዘቡን ያባክናል።

ከወረቀቱ በኋላ ሐኪሙ ወደ ሌንሱ መጣ። መብራቱ ጠፋ። ትንሽ የኪስ ባትሪ ከራሱ ዓይን አጠገብ፣ ከጉንጩ ጋር አስጠግቶ ያዘ። ወደ ውሻው አልቀረበም። ክንድ ሙሉ ርቀት ላይ ቆሞ በባትሪው አናት ላይ አሻግሮ አየ።

ርቀቱና የባትሪው ቦታ ሁሉንም ነገር ይወስናሉ። በውሻ ዓይን ጀርባ፣ በላይኛው ግማሽ፣ ከሬቲናው ሥር ታፔተም የሚባል መስታወታማ ንጣፍ አለ። ሕዋሳቱ በዚንክ የበለጸጉ ናቸው፣ በሥርዓት ተደርድረዋል። ሬቲናውን አልፎ የመጣውን ብርሃን መልሰው ይልኩታል፤ ሬቲናው ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። ሌሊት በመኪና መብራት የውሻ ዓይን የሚያበራው በዚህ ነው። ቀለሙ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነው፤ በትንሽ ቡችላ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ ዓይን ያላቸው አንዳንድ ውሾች ንጣፉ ስለሌላቸው ነጸብራቃቸው ቀይ ነው፤ ይህ በሽታ አይደለም።

ነጸብራቁ የሚመለሰው በመጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ዓይንና መብራቱ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ አይታይም። ከሆኑ ግን ብሌኑ በሙሉ በወርቃማ ብርሃን ይሞላል፤ በመንገዱ ላይ ያለ ነገር ሁሉ በዚያ ብርሃን ላይ ጥላ ይጥላል። ሞራ ጥቁር ነቁጥ ወይም ጥቁር ሽንቁር ሆኖ ይታያል። የዕድሜው ጉም ግን ይጠፋል። ከፊት ሲታይ ግራጫ የነበረው መሀል ያሳልፋል፤ የሚቀረው አንድ ስስ ክብ መስመር ነው፤ የጠጠረው መሀልና ለስላሳው ዳርቻ የሚጋጠሙበት ወሰን።

ሐኪሙ ባትሪውን ሰጠኝና በራሴ ዓይን አየሁት። የቡቺ ብሌን አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ በራ። ውስጡ ክቡ መስመር ነበር፤ ከዳር እኩል የራቀ፣ ሳይቆራረጥ የዞረ። ጥላ አልነበረም። በሁለቱም ዓይን።

ቀሪውን በአጭሩ ልበል። ከጎን ሆኖ ኮርኒያውን አየ። ጉሙ ከአይሪስ ፊት ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሌንስ አይሆንም፣ ምናልባትም የዓይን ግፊት መጨመር ይሆን ነበር። ብርቱካናማ የፍሎረሲን ወረቀት አርጥቦ ዓይኑን ነካ፤ ቀለሙ በእንባ ውስጥ አረንጓዴ ሆነና ታጥቦ ወረደ። ኮርኒያው ቢላጥ ኖሮ የተላጠበት ቦታ አረንጓዴውን ይዞ ይቀር ነበር። የዓይን ግፊትን የሚለካው መሣሪያ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ባለበት ቦታ ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል የተለመደ ነው።

እናትየው በሞራ ጉዳይ መጥተው ሞራ አልተገኘም። ያልጠየቁት የግራ ዓይን ድርቀት ተገኘ። ሥራ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ ያየ ሐኪም ወረቀቱን ከካርቶኑ አያወጣም ነበር።

በቤት ውስጥ የሚታየውን ደግሞ ባለቤቱ ከሐኪም ይበልጥ ያውቃል፤ ልብ ካለው። ትንሽ የማየት ችግር ያለበት ውሻ አይደናበርም። ውሻ የግቢውን ልክ በእግሩና በአፍንጫው ስለያዘው ችግሩን ለረጅም ጊዜ ይሸፍናል። የሚያጋልጠው አዲስ ነገር ነው፤ የተነሣ ወንበር፣ ለቧንቧ የተቆፈረ ቦይ፣ የእንግዳ ቤት። ደረጃ ሲወርድ በመጀመሪያው እርከን ላይ ይቆማል፣ ሲወጣ ግን አይቆምም። የተወረወረለትን አጥንት የወደቀበት ድረስ ሄዶ በአፍንጫው ይፈልገዋል። ሲነካ ይደነግጣል፤ በድንጋጤ ቢነክስ ከፋ ይባላል። ከአፍንጫው ሥር ያለ ቁራሽ አለማየቱ ግን ብቻውን ምልክት አይደለም። ጤነኛ ውሻም ከ30 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ያለውን አጥርቶ አያይም።

ማገዙ ርካሽ ነው። የውኃው ሳህን ቦታውን አይልቀቅ። በደረጃው አናትና ግርጌ ቁራጭ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ እግሩ ይነግረዋል። በሚተኛበት አካባቢ አነስተኛ መብራት ይብራ። ከመንካት በፊት ስሙን መጥራት፣ ልጆችንም ማስተማር ነው። ከዓይኑ በላይና በአፍንጫው ዙሪያ ያሉት ጠንካራ ፀጉሮች የሚዳስስባቸው ስለሆኑ አይቆረጡ፤ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ፀጉር ግን ይከርከም። ኳስ ስትገዙ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ግዙ። የውሻ ሬቲና ቀለም የሚለዩ ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ አሉት፤ ቀይ ኳስ በሣር ላይ ለእሱ ከሣሩ ብዙ አይለይም። በዓይኑ ከፍታ ያለ የሾለ ሽቦ ይታጠፍ። የቅንጭብ ወይም የቁልቋል አጥር ካላችሁ ነጩ ወተት ዓይን እንደሚያቃጥል አትርሱ፤ ከነካው ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

አንድ ልማድ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ለሰው ታዞ የተረፈን ጠብታ ለውሻ ማድረግ። ከጠብታዎቹ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው። በቆሰለ ኮርኒያ ላይ ስቴሮይድ ሲገባ ቁስሉ ሊጠልቅ፣ ዓይኑም ሊበሳ ይችላል። የውሻችሁ ብሌን ቀስ በቀስ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ውሻው ግን ካልተጨነቀ፣ የሐኪም ቀጠሮው ሳምንት ቢቆይ አይጎዳውም። ዓይኑ ከቀላ፣ ከጨፈነው፣ በእግሩ ካሸው፣ ወይም አንዱ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ግን በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ግፊት ከሆነ ነርቩ የሚጠብቀው ሰዓታት ነው። እስከዚያ፣ የአጥር ወተት ነክቶት ከማጠብ በቀር፣ ዓይኑ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚለካው እንባውን ነውና።